የአክሲዮን ደላላ ሲመርጡ፦ ፈጣኑን ወይስ ጥሩ ዋጋ የሚያመጣውን?

የኢንተርኔት አክሲዮን ደላሎች በማስታወቂያቸው ከሚወዷቸው ቃላት አንዱ «ፍጥነት» ነው። ቁልፉን ሲጫኑ ትእዛዝዎ ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ ይፈጸማል ይላሉ። አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩት ትልልቆቹ ድርጅቶች ሁሉም ይህን ለማለት ይችላሉ፤ ውሸትም አይደለም። ግን ሁሉም እውነቱን የሚናገሩ ከሆነ ቁጥሩ ለመምረጥ አይረዳም ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ብዙ ሰው ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) ሲያነጻጽር ውሎ ገንዘቡን በሌላ በር ማስወጣቱ ነው።

እዚህ የማነጻጽራቸው በአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ አምስት ድርጅቶችን ነው፦ ፊዴሊቲ፣ ቻርልስ ሽዋብ፣ ቫንጋርድ፣ ኢንተራክቲቭ ብሮከርስ እና ሮቢንሁድ። በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ አንባቢዎች የሚለየውን ወደ መጨረሻው አነሣዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰዓቱ ከየት ጀምሮ ይቆጠራል?

ትእዛዙ ከስልክዎ ተነሥቶ ወደ ደላላው ኮምፒውተር ይሄዳል። እዚያ ሒሳብዎ ውስጥ በቂ ገንዘብ መኖሩ ይጣራል። ከዚያ ደላላው ወደ ሌላ ወገን ይልከዋል። ያ ሌላ ወገን የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወይም ናስዳክ ሊሆን ይችላል፤ የተራ ሰው ትእዛዝ ግን በአብዛኛው የሚሄደው እንደ ሲታዴል ሴኪዩሪቲስ፣ ቨርቹ እና ጄን ስትሪት ወዳሉ ጅምላ ነጋዴዎች ነው። እነርሱ በራሳቸው ገንዘብ ከእርስዎ ይገዛሉ ወይም ለእርስዎ ይሸጣሉ።

በሕግ ተገደው የሚወጡት የአፈጻጸም ሪፖርቶች ለረጅም ዓመታት የቆጠሩት ትእዛዙ የሚፈጸምበት ቦታ ከደረሰበት ቅጽበት እስከ ተፈጸመበት ያለውን ጊዜ ብቻ ነው። ከስልክዎ እስከ ደላላው፣ ከደላላው እስከ ጅምላ ነጋዴው ያለው መንገድ ከቁጥሩ ውጭ ነው። አንድ ባለ ታክሲ ከሜክሲኮ ቦሌ የሚፈጀውን ደቂቃ ሰልፉን ሳይቆጥር እንደሚናገረው ዓይነት ስሌት ነው።

መንገዱ ደግሞ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ገበያዎች ኮምፒውተሮች የሚገኙት ማንሃተን ሳይሆን ኒው ጀርሲ ውስጥ ማዋ፣ ካርተሬት እና ሴኮከስ በሚባሉ ከተሞች ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዱባይ እስከዚያ በቀጥታ መስመር ወደ 11,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ደርሶ መልሱ ብቻ ቢያንስ 110 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ገመዱ ባሕሩን እየዞረ ስለሚሄድ በተግባር ከዚህ ይበልጣል። ዱባይ ተቀምጦ 30 ሚሊሰከንድ የሚፈጀውን ደላላ ከ60ው አስበልጦ የሚመርጥ ሰው የመረጠው ልዩነት ገና መንገድ ላይ ተውጧል። በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላለ ሰው ርቀቱ ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው፤ የቤቱ ዋይፋይ ግን ከዚያ በላይ ሊያዘገየው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። አይኢኤክስ የሚባለው ከ2016 ጀምሮ ሙሉ ፈቃድ ያለው የአሜሪካ ገበያ ትእዛዞችን ሆን ብሎ ያዘገያል። 61 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የተጠቀለለ ፋይበር ገመድ አስቀምጦ እያንዳንዱ መልእክት በዚያ ውስጥ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ መዘግየቱ ከአንድ ሚሊሰከንድ እንኳ ያነሰ 350 ማይክሮሰከንድ ነው። ዓላማው ከሌላው ቀድመው ዋጋ መቀየሩን የሚያዩ ፈጣን ኮምፒውተሮች ያላቸውን ብልጫ ማጥፋት ነው። በዚያ ዓለም የሚሽቀዳደሙት ድርጅቶች ኮምፒውተራቸውን ገበያው ካለበት ሕንፃ ውስጥ ያስቀመጡ ናቸው። ከሶፋ ላይ በስልክ የሚገዛ ሰው በዚህ ሩጫ ውስጥ የለም፤ ሊገባም አይችልም።

አንድ አስረኛ ሰከንድ ስንት ያወጣል?

የአሜሪካ ገበያ መደበኛ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ማለትም 23,400 ሰከንድ ነው። አንድ የ100 ዶላር አክሲዮን በቀን ውስጥ ሳያቋርጥ 2 ዶላር ቢጨምር በሰከንድ የሚጨምረው ከአንድ ሳንቲም መቶኛ ያነሰ ነው። በእርግጥ ዋጋ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ይዘላል፤ ይወድቃል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የሚዘለው ወደሚጎዳዎትም ወደሚጠቅምዎትም ነው። በወር አንድ ጊዜ ከደመወዙ ቀንሶ ለሚገዛ ሰው በ0.05 እና በ0.2 ሰከንድ መካከል ያለው ልዩነት ሒሳቡ ላይ አይታይም።

የሚታየው ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ አክሲዮን በማንኛውም ሰዓት ሁለት ዋጋ አለው፤ ገዢዎች የሚሰጡት ከፍተኛ ዋጋ እና ሻጮች የሚጠይቁት ዝቅተኛ ዋጋ። ገዢው 50.00፣ ሻጩ 50.04 ዶላር ቢሉ በመካከላቸው የአራት ሳንቲም ክፍተት አለ። ያለ ዋጋ ገደብ «አሁኑኑ ግዛልኝ» ቢሉ 50.04 ይከፍላሉ ማለት ነው። ጅምላ ነጋዴው ግን 50.03 ወይም 50.02 ሊሰጥዎ ይችላል። ይህ የዋጋ ማሻሻያ ይባላል፤ ደላሎችን በትክክል የሚለያቸውም ይህ ነው። በመቶ አክሲዮን ላይ አንድ ሳንቲም አንድ ዶላር ነው። ክፍተታቸው ሰፊ በሆኑ፣ ብዙ በማይገበያዩ ትናንሽ ኩባንያዎች ላይ ደግሞ ልዩነቱ በአሥር ሳንቲሞች ይቆጠራል።

በ2022 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ምሁራን ጥናት ይህን በገንዘብ ፈተነው። ተመራማሪዎቹ በተለያዩ ደላሎች ዘንድ ሒሳብ ከፍተው አንድ ዓይነት ትእዛዝ፣ በአንድ ዓይነት አክሲዮን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ላኩ፤ ድምሩ 85,000 ያህል ግብይት። ገዝቶ መሸጥ የሚያስከፍለው ድብቅ ወጪ ከደላላ ደላላ ከ0.07 በመቶ እስከ 0.46 በመቶ ይለያይ ነበር። በ1,000 ዶላር ሲሰላ ከ70 ሳንቲም እስከ 4 ዶላር ከ60 ሳንቲም መሆኑ ነው። ከፍጥነት ማስታወቂያ ላይ ይህን የሚያህል ልዩነት ማንም ማንበብ አይችልም።

ኮሚሽኑ ዜሮ ከሆነ ማን ይከፍላል?

ሽዋብ በኦክቶበር 2019 የአክሲዮን ኮሚሽኑን ዜሮ ሲያደርግ ተፎካካሪዎቹ በቀናት ውስጥ ተከተሉት። ከዚያ በፊት መንገዱን ያሳየው ሮቢንሁድ ነበር። የገቢ ምንጩ አንዱ ትእዛዙን የሚቀበለው ጅምላ ነጋዴ ለደላላው የሚከፍለው ገንዘብ ነው። በሌላ አነጋገር ትእዛዝዎ ራሱ ይሸጣል።

ይህ አሠራር ሁልጊዜ ደንበኛውን ይጎዳል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ከላይ ያልሁት ጥናት የደላሎቹን የዋጋ ልዩነት የሚያብራራው ይህ ክፍያ እንዳልሆነ አግኝቷል። ነገር ግን ደላላው ከማን ጋር እንደሚደራደርና ስለ ምን እንደሚደራደር ማወቅ ያስፈልጋል። የአክሲዮን ገበያውን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ የሴኪዩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን በዲሴምበር 2020 ሮቢንሁድን 65 ሚሊዮን ዶላር ያስከፈለው በዚህ ምክንያት ነው። ተቆጣጣሪው እንዳለው ድርጅቱ ከትእዛዝ ሽያጭ ስለሚያገኘው ገቢ ደንበኞቹን አሳስቷል፤ የሚያገኙት ዋጋም ከሌሎች ያነሰ ስለነበር፣ የቀረላቸው ኮሚሽን ተቀንሶ እንኳ፣ 34.1 ሚሊዮን ዶላር አጥተዋል። ሮቢንሁድ ክሱን ሳያምንም ሳይክድም ተስማምቶ ከፈለ። ልብ ይበሉ፤ ክሱ ስለ መዘግየት አልነበረም። ትእዛዞቹ ወዲያው ይፈጸሙ ነበር፤ ደንበኞቹ ያጡት በዋጋው ነው።

አምስቱ ድርጅቶች

ፊዴሊቲ በአክሲዮንና በገበያ ላይ በሚሸጡ ፈንዶች (ብዙ አክሲዮኖችን በአንድ የያዙ ቅርጫቶች) ትእዛዝ ላይ ከጅምላ ነጋዴዎች ክፍያ አይቀበልም፤ በኦፕሽን (አክሲዮንን ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት በሚሰጥ ውል) ላይ ግን ይቀበላል። ትእዛዙን የሚልከው እንደሌሎቹ ወደ ጅምላ ነጋዴዎቹ ቢሆንም ድርድሩ ስለ ክፍያ ሳይሆን ስለ ዋጋ ማሻሻያ ነው። የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ትእዛዙ ከተፈጸመ በኋላ ስንት ሳንቲም እንደተሻሻለልዎ እዚያው ያሳይዎታል። ደላላ ራሱን ለደንበኛው እንዲህ ሲያስለካ ማየት ብርቅ ነው። ለጀማሪም፣ ለጡረታው ለሚያጠራቅምም፣ መጠነኛ ነጋዴ ለሆነም ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው።

ሽዋብ ክፍያውን ይቀበላል። ቲዲ አሜሪትሬድን በ2020 ሲገዛ ቲንክኦርስዊም የተባለውን የግብይት ሶፍትዌሩን አብሮ አግኝቷል፤ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች የሚወዱት መሣሪያ ነው። ሰንጠረዥ ማየት፣ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ማያያዝ ለሚፈልግ ሰው ከፊዴሊቲ ይሻላል እላለሁ።

ቫንጋርድ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በአክሲዮን ላይ ክፍያውን አይቀበልም፤ ነገር ግን ፈንድ ገዝቶ ሃያ ዓመት ለሚያስቀምጥ ሰው የተሠራ ቤት ነው። እዚያ ሄዶ ፍጥነት መጠየቅ ቤቱን መሳት ነው።

ኢንተራክቲቭ ብሮከርስ ሁለት ዓይነት ሒሳብ አለው፤ ልዩነታቸውም ትልቅ ነው። «ላይት» ኮሚሽን የለውም፤ ትእዛዙም ለጅምላ ነጋዴ ይሸጣል። «ፕሮ» በኮሚሽን የሚሠራ ሲሆን ትእዛዙን በየገበያው የተሻለ ዋጋ እየፈለገ ይልካል፤ ከፈለጉም የሚሄድበትን ገበያ ራስዎ መምረጥ ይችላሉ። በቋሚ ታሪፉ በአንድ አክሲዮን ግማሽ ሳንቲም፣ ቢያንስ ግን በአንድ ትእዛዝ 1 ዶላር ያስከፍላል። እዚህ ላይ ብዕር ማንሣት ይገባል። የ50 ዶላር አክሲዮን ሃያ ፍሬ ከገዙ ኮሚሽኑ በአንድ አክሲዮን አምስት ሳንቲም ይደርሳል። እንደ አፕል ወይም ማይክሮሶፍት ያሉ አክሲዮኖች ላይ ክፍተቱ ራሱ አንድ ሁለት ሳንቲም ስለሆነ የትኛውም የዋጋ ማሻሻያ ይህን አይመልስም። አንድ ሺህ አክሲዮን በአንድ ጊዜ የሚገዛ ሰው ግን አምስት ዶላር ነው የሚከፍለው፤ ክፍተቱ ሰፊ በሆነ አክሲዮን ላይ ከዚያ በላይ ሊያተርፍ ይችላል። «ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ነው» ተብሎ ብቻ ፕሮ መክፈት ለትንሽ ገዢ ኪሳራ ነው።

ሮቢንሁድ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ለዚህም አድናቆት ይገባዋል፤ ብዙ ወጣት አክሲዮን ምን እንደሆነ የተማረው በእርሱ ነው። ከጅምላ ነጋዴዎች የሚወስደው ክፍያ በአክሲዮን ቁጥር ሳይሆን በክፍተቱ መቶኛ የሚሰላ መሆኑ ግን አይጥመኝም፤ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ደላላው የበለጠ ያገኛል። ያለብዎት ምርጫ እርሱ ብቻ ከሆነ የዋጋ ገደብ እያስቀመጡ ይጠቀሙበት።

ገበያው ሲናወጥ

ለእኔ እውነተኛው የፍጥነት ፈተና መተግበሪያው በክፉ ቀን መከፈቱ ነው። ማርች 2 ቀን 2020 የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚለካው የዳው ጆንስ መለኪያ ከ1,290 ነጥብ በላይ ሲዘልል ሮቢንሁድ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ተዘግቶ ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን 2021 የቪዲዮ ጨዋታ ሻጩ ኩባንያ የጌምስቶፕ አክሲዮን ግርግር ሲጦፍ ሮቢንሁድና ሌሎች ደላሎች ደንበኞቻቸው አክሲዮኑን እንዳይገዙ ከለከሉ፤ መሸጥ ብቻ ተፈቀደ። ኦገስት 5 ቀን 2024 ገበያው ሲወድቅ ደግሞ ሽዋብና ፊዴሊቲን የመሳሰሉት ትልልቆቹም ለሰዓታት ተቸግረው ነበር። ስለዚህ «እገሌ አይወድቅም» የሚል ምክር አልሰጥም። ንብረቱ ከፍ ያለ ሰው በሁለት ድርጅቶች ቢከፍል፣ የስልክ ቁጥራቸውንም አስቀድሞ ቢይዝ ይሻለዋል። በስልክ ትእዛዝ መስጠት የሚያስከፍል ድርጅት ስላለ ያንንም ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከደላላው በላይ የሚወስነው የትእዛዙ ዓይነት

«በገበያ ዋጋ» የሚባለው ትእዛዝ ለፍጥነት የተሠራ ነው፤ ዋጋው ምንም ይሁን ይፈጸም ማለት ነው። «በዋጋ ገደብ» የሚባለው ግን ከዚህ በላይ አልከፍልም፣ ከዚህ በታች አልሸጥም የሚል ነው፤ ላይፈጸም ይችላል። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ የታየው ኦገስት 24 ቀን 2015 ጠዋት ነው። ገበያው እንደተከፈተ በርካታ ፈንዶች በውስጣቸው ካሉት አክሲዮኖች ዋጋ እጅግ በታች ተሸጡ፤ በዚያ አንድ ቀን ከ1,200 በላይ ጊዜ ግብይት ተቋረጠ። «ዋጋው ከዚህ ከወረደ ሽጥልኝ» ብለው ትእዛዝ ያስቀመጡ ሰዎች ትእዛዛቸው ወደ ገበያ ዋጋ ተቀይሮ በዚያ ወለል ላይ ተሸጠባቸው። ብዙዎቹ ዋጋዎች በዚያው ጠዋት ተመለሱ። እጅግ ፈጣን አፈጻጸም ነበር፤ ጥፋቱም ፍጥነቱ ነው። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወራት በኋላ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ በቀጥታ መቀበል አቆመ፤ ደላሎች ግን ዛሬም ያቀርቡታል።

በሥራ ምክንያት ማታ ትእዛዝ የሚያስቀምጡ ሰዎች ደግሞ ትእዛዛቸው ገበያው በኒውዮርክ ሰዓት 9፡30 ጠዋት እስኪከፈት እንደሚቀመጥ ይወቁ። የመክፈቻዎቹ ደቂቃዎች ክፍተቱ ከሁሉ የሚሰፋባቸው ናቸው። ያለ ዋጋ ገደብ ማታ ትእዛዝ ማስቀመጥ አልመክርም፤ በየትኛውም ድርጅት።

ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው

በብሪታንያ የትእዛዝ ሽያጭ ከ2012 ጀምሮ የተከለከለ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ከልክሏል፤ ጀርመን እስከ ጁን 2026 የመሸጋገሪያ ጊዜ አግኝታለች። ስለዚህ እዚያ የሚኖር ሰው ትልቁ ጭንቀቱ የምንዛሪ ክፍያ መሆን አለበት። ደላላው ዩሮን ወደ ዶላር ሲቀይር ግማሽ በመቶ ቢወስድ ከ1,000 ዩሮ አምስት ዩሮ ነው፤ ሲሸጡም ይደግመዋል። ከላይ ያሰላናቸው ሳንቲሞች ሁሉ በዚህ ፊት ትንሽ ናቸው። በብዙ አገሮች ደንበኛ የሚቀበለውና ምንዛሪን በርካሽ የሚቀይረው ኢንተራክቲቭ ብሮከርስ በባሕረ ሰላጤው፣ በእስራኤልና በአውሮፓ ላሉ የሚጠቅመው ከፍጥነቱ ይልቅ በዚህ ነው።

ስለ አገር ቤትም ይጠየቃል። ጃንዋሪ 2025 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ፣ ወጋገን ባንክን የመጀመሪያው አድርጎ የመዘገበው፣ ገና ጥቂት ኩባንያዎች ያሉበት ነው። በእንዲህ ያለ ገበያ ጥያቄው በሌላው ወገን ገዢ ወይም ሻጭ መገኘቱ እንጂ ሚሊሰከንድ አይደለም። በቴሌግራም «በ0.01 ሰከንድ አፈጻጸም» እያሉ ዶላር የሚሰበስቡትን ግን ከዚህ ጋር አያምታቱ። አሜሪካዊ ደላላ ነኝ የሚል ሁሉ የደላሎች ተቆጣጣሪ የሆነው ፊንራ በሚያስተዳድረው ብሮከርቼክ በተባለው ነጻ መዝገብ ውስጥ ስሙ መገኘት አለበት። ካልተገኘ ስለ ፍጥነቱ የሚነበብ ነገር የለም።

ራስዎ ማጣራት ከፈለጉ

መጀመሪያ «በገበያ ዋጋ» ከማዘዝዎ በፊት በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን ክፍተት ማያ ገጹን ፎቶ አንሥተው ይያዙት፤ ከተፈጸመው ዋጋ ጋር ያስተያዩት። አንድ ጊዜ ማየት ምንም አይናገርም፤ ብዙ ሲጠራቀም ግን ደላላዎ ከክፍተቱ የት ጋ እንደሚያሳርፍዎ ይታያል።

ሁለተኛው ሪፖርቶቹ ናቸው። ደንብ 605 እና 606 ተብለው የሚታወቁት ግዴታዎች መጀመሪያ የወጡት በ2000 ነው። 606 እያንዳንዱ ደላላ በየሩብ ዓመቱ ትእዛዞችን ወደ ማን እንደላከና ስንት እንደተከፈለው ይፋ እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ በድረ ገጹ ላይ በነጻ ይገኛል። 605 የአፈጻጸም ጥራትን የሚመለከት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ግን ጉድለት ነበረበት። ሪፖርቱን የሚያወጡት ገበያዎቹና ጅምላ ነጋዴዎቹ እንጂ ደላሎቹ አልነበሩም፤ ከመቶ አክሲዮን በታች የሆኑ ትእዛዞችም አይቆጠሩም ነበር። ማለትም የአብዛኛው ትንሽ ገዢ ትእዛዝ ከስሌቱ ውጭ ነበር። በማርች 2024 ደንቡ ተሻሻለና 100,000 እና ከዚያ በላይ ደንበኛ ያላቸው ደላሎች ራሳቸው እንዲዘግቡ፣ ጥቃቅን ትእዛዞችም እንዲካተቱ ተወሰነ፤ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ወደ 2026 ተዛውሯል። ሪፖርቶቹ ሲወጡ መጀመሪያ መታየት ያለበት የተከፈለው ክፍተት ከታየው ክፍተት ጋር ያለው ንጽጽር ነው፤ ዝቅ ያለው ይሻላል። የሰከንዱ ዓምድ ከዚያ በኋላ ቢነበብ ይደርሳል።

ሦስተኛውን ጥቂት ሰው ነው የሚጠቀምበት። በዚያው ደንብ 606 መሠረት ማንኛውም ደንበኛ ባለፉት ስድስት ወራት የሰጣቸው ትእዛዞች ወደ የት እንደተላኩና መቼ እንደተፈጸሙ ደላላውን መጠየቅ ይችላል፤ ደላላውም የመመለስ ግዴታ አለበት። በሒሳብዎ ገብተው በመልእክት ሳጥኑ «በደንብ 606 መሠረት የስድስት ወር ትእዛዞቼን መረጃ እፈልጋለሁ» ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉ። የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኛው ምን እንደሚጠየቅ ላያውቅ ስለሚችል የደንቡን ቁጥር መጥቀሱን አይርሱ።